ጨዋታው ሰንበት ላይ ሲወድቅ፦ ከቤተሰብ ጋር በለንደን ኳስ ለማየት

ኳስ የሚወድ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙት አትቀሩም፦ «አባ፣ መቼ ነው በቴሌቪዥን ሳይሆን በዓይናችን የምናየው?» በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ለ3 ዓመት ያህል ሲጠየቅ ኖረ። ልጄ የአርሰናል ደጋፊ ነው። አንሶላው ቀይ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳው ቀይ፣ የጥርስ ብሩሹ እንኳ ቀይ ነው። እኔም «ባር ሚጽቫህ ሲደርስ እወስድሃለሁ» እያልኩ ሳዘገየው ቆየሁ። ልጅ ደግሞ ቃል አይረሳም። ባር ሚጽቫው ከበዓላቱ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ፣ እኔም በኦገስት፣ በትልቁ ሆፌሽ፣ ቤተሰቡን ይዤ ለንደን ለመሄድ ወሰንኩ። ባለቤቴ፣ ልጄ፣ የ8 ዓመቷ ሴት ልጄና እናቴ፤ ከእኔ ጋር 5 ነን።

እውነቱን ለመናገር ጉጉቱ የልጁ ብቻ አልነበረም። እኔ ኳስ የጀመርኩት ጎንደር ገጠር ውስጥ ከብት ስጠብቅ ነው። ጨርቅ ጠቅልለን፣ በገመድ አስረን፣ እሱን ነበር የምንራገጠው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መርከዝ ክሊታ ውስጥ ዕብራይስጥ ገና አንድ ቃል ሳልችል ከሰፈሩ ልጆች ጋር ያግባባኝ ኳስ ነው። አባቴ ግን አንድም ቀን ስታዲየም ይዞኝ ሄዶ አያውቅም። ጊዜም ገንዘብም አልነበረውም። ስለዚህ ትኬቱን ስገዛ ለልጄ ብቻ ሳይሆን ለራሴም እየገዛሁ እንደነበር ይገባኛል። የተሳሳትኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ነው። ደግሞም ካሰብነው ይልቅ ያላሰብነው ጨዋታ ምን እንደሰጠን ልነግራችሁ ነው።

ስህተቱ እንዴት ተሠራ?

በአንድ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። በክለቡ የራሱ ድረ ገጽ ለመግዛት ስሞክር አባል መሆን ያስፈልጋል ይላል። ትዕግሥት አጣሁ። ትኬት መልሶ የሚሸጥ ሌላ ድረ ገጽ አገኘሁ፤ የአርሰናልን የሜዳ ጨዋታ «እሑድ» ብሎ አስቀምጦታል። ለእኔና ለልጄ 2 ትኬት፣ 3,400 ሽቅል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈልኩ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ቀኑ ገና ያልጸና መሆኑ ተጽፎ ነበር። እኔ አላነበብኩትም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ። «አባ! ጨዋታው ቅዳሜ በ17:30 ነው!» በእሱ ዓይን ደስታ ነበር፤ ቀኑ ምን ማለት እንደሆነ ገና አላሰበውም። እኔ ግን ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ኦገስት ላይ በለንደን ፀሐይ የምትገባው በ20:00 አካባቢ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ቅዳሜ በ17:30 ማለት ሰንበት ገና አልወጣም ማለት ነው።

ለሸጠልኝ ድረ ገጽ ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ ጨዋታው አልተሰረዘም፣ ስለዚህ ገንዘብ አይመለስም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀውን ነገር ልንገራችሁ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የዓመቱ ፕሮግራም በጁን ወር ሲወጣ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ቅዳሜ ተብለው ይመዘገባሉ። ከዚያ በቴሌቪዥን ለመተላለፍ የተመረጡት ወደ ዓርብ ማታ፣ ወደ ቅዳሜ ሌላ ሰዓት፣ ወደ እሑድ ወይም ወደ ሰኞ ማታ ይዛወራሉ። ቅዳሜ በ15:00 የሚደረጉት ጨዋታዎች ደግሞ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በቀጥታ አይተላለፉም፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከማየት ይልቅ በየሰፈሩ ስታዲየም እንዲሄድ ተብሎ የቆየ ደንብ ነው። እንግዲህ ቀኑ በይፋ ሳይጸና የአውሮፕላንም ሆነ የጨዋታ ትኬት መግዛት ሰንበትን ለሚጠብቅ ቤተሰብ ቁማር ነው።

በቤታችን የተደረገው ክርክር

አልዋሻችሁም፣ ተፈትኜ ነበር። 3,400 ሽቅል ለእኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። «ለአንድ ቀን ምን አለበት? በእግር እንሄዳለን፣ ስልክ አንነካም» እያልኩ ለራሴ ማሳበቢያ ስፈልግ ሰነበትኩ። ትኬቱ ያለው ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልክ ሳይነካ በሩ እንደማይከፈት አውቃለሁ። ባለቤቴ ሰምታኝ ሰምታኝ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «አንተ ወስን። ግን ለእናትህ የምትነግረው አንተ ነህ።»

ነገርኳቸው። እናቴ ቡናቸውን እስኪጨርሱ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኛ እዚያ ሳለን በሰንበት እሳት አልነካንም፣ ወንዝ አልተሻገርንም። ጎረቤት እየሳቀብን እንኳ አልተውነውም። አሁን ማን ሳቀብን ብለን ነው የምንተወው?» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

ልጄ ሲሰማ በሩን ዘግቶ ገባ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን መጥቶ እንደ ጠበቃ ተከራከረኝ፦ «አባ፣ እኔ እኮ ገና 13 አልሞላኝም። ሚጽቮት ገና አልተቆጠረብኝም። ስለዚህ እኔ ብሄድ ችግር የለውም አይደል?» ሳቄ መጣ። «አንተ ባይቆጠርብህ እኔ ይቆጠርብኛል» አልኩት። እሱም ሳቅ አለ፤ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። በእኛው ማኅበረሰብ ውስጥ ሰንበትን በተለያየ መንገድ የሚያከብሩ እንዳሉ አውቃለሁ። የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤታችሁ የሚሄድበትን መንገድ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ከተከፈለ በኋላ የሚወስነው ገንዘቡ ይሆናል፤ ገንዘብ ደግሞ ጥሩ ሽማግሌ አይደለም።

ገንዘባችን ጠፋ፤ ጉዟችን ግን አልቀረም።

ሰንበት በለንደን፣ እሑድ በአርሰናል ሰፈር

ጎልደርስ ግሪን አካባቢ ትንሽ ቤት ተከራየን። እዚያ የካሼር ሱቅ፣ ዳቦ ቤትና ምኩራብ በእግር መንገድ ላይ ስለሚገኙ ለቤተሰብ ይመቻል። ዓርብ ከሰዓት እናቴ ዳቦ ጋገሩ፤ የማያውቁትን ምድጃ ሲጎነትሉ ግማሹ ቢያርርም ሽታው ግን የቤታችን ሽታ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት፣ መናፈሻ ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጠናል። ልጄ ሰዓቱን ባይጠይቅም ያውቃል። ሣሩን እየነቀለ ዝም አለ። እናቴ አጠገቡ ተቀምጠው ጀርባውን አሹለት። እኔ መጽናኛ ቃል ስፈልግ ቆይቼ አጣሁና ኳሱን አንስቼ «ና ግብ ጠባቂ ሁን» አልኩት። እስኪመሽ ተጫወትን።

በማግስቱ እሑድ የአርሰናልን ሰፈር ልናይ ሄድን። ይህን ለማየት የጨዋታ ትኬት አያስፈልግም። በፒካዲሊ መስመር የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍራችሁ «አርሰናል» የሚባል ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ጣቢያው ጊለስፒ ሮድ ይባል ነበር፤ በ1932 በክለቡ ስም ተሰየመ። ቀና ብላችሁ ግድግዳውን ካያችሁ አሮጌው ስም በሸክላው ላይ እስካሁን አለ። ከዚያ በጥቂት ደቂቃ ወደ ኤሚሬትስ ስታዲየም በእግር ትደርሳላችሁ። ስታዲየሙ በ2006 የተከፈተ ሲሆን ከ60,000 በላይ ሰው ይይዛል። ዙሪያውን የቴሪ ኦንሪ፣ የቶኒ አዳምስ፣ የዴኒስ ቤርካምፕና የአርሰን ዌንገር ሐውልቶች ቆመዋል። በ2003/04 የውድድር ዘመን ቡድኑ 38 ጨዋታ ተጫውቶ አንዱንም ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሳ አሰልጣኙ ዌንገር ነበር።

ልጄ ሐውልቶቹ ሥር ፎቶ ሲነሳ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። የስታዲየሙን የውስጥ ጉብኝት ከፍለን ገባን፤ የተጫዋቾች ልብስ መቀየሪያ ክፍልና ወደ ሜዳ የሚያስገባው መተላለፊያ ድረስ ያስገባሉ። ከዚያ ወደ ድሮው ሃይበሪ ስታዲየም ሄድን። ከ1913 እስከ 2006 አርሰናል የተጫወተበት ቦታ ዛሬ መኖሪያ ቤት ሆኗል፤ ሜዳው የነበረው ቦታ የግቢ አትክልት ነው። ልጄ ሲያይ ቆየና «ሰው ሜዳው ላይ ይኖራል?» አለ። እናቴም «ታዲያ ከዚህ የተሻለ ምን ይደረግበታል?» አሉት።

ያላሰብነው ጨዋታ

ባለቤቴ ናት መፍትሔውን ያገኘችው። «ለንደን ውስጥ ያለው አርሰናል ብቻ ነው እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። ለንደን ውስጥ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባሉ ደረጃዎች የሚጫወቱ በርካታ ክለቦች አሉ፤ ብዙ ጊዜም ማክሰኞ ማታ ይጫወታሉ። ማክሰኞ ሰንበት የለም! በምሥራቅ ለንደን ያለው ሌይተን ኦሪየንት ማክሰኞ በ19:45 በሜዳው ይጫወታል። ትኬቱን ከክለቡ ከራሱ ገዛን። ለ5 ሰው የከፈልነው ካጠፋሁት ከአንዱ ትኬት ዋጋ በታች ነበር።

ልጄ ስሙን ሲሰማ አፉን አጣመመ። «እነሱን ማን ያውቃቸዋል?» አለ። እኔም ከልቤ አላውቃቸውም ነበር። ክለቡ ግን የተመሠረተው በ1881 ነው፤ ብሪዝበን ሮድ በሚባለው ስታዲየም መጫወት የጀመረው ደግሞ በ1937። ሃሪ ኬን ገና ወጣት ሳለ በ2011 በውሰት ተጫውቶበታል። ይህን ስነግረው ጆሮው ቆመ።

በሴንትራል መስመር ሌይተን ጣቢያ ወርደን ዋናውን መንገድ ይዘን በእግር ሄድን። ስታዲየሙ አጠገብ ኮሮኔሽን ጋርደንስ የሚባል መናፈሻ አለ፤ ጊዜ ስለነበረን እዚያ ገብተን ሳንድዊቻችንን ልንበላ አሰብን። እዚያ አንድ የጥቁር ሰው ሐውልት አየን፤ ኳስ ከእግሩ ጋር። ልጄ ስሙን አነበበው፦ ሎሪ ከኒንግሃም።

እኔ ታሪኩን በጥቂቱ አውቅ ስለነበር ሣሩ ላይ ተቀምጠን ነገርኩት። ሎሪ በ1956 ለንደን ውስጥ ከጃማይካ ከመጡ ወላጆች ተወለደ። በ1974 በዚሁ በኦሪየንት ጀመረ። ጭፈራ ይወድ ነበር፤ አርፍዶ ሲቀጣ ቅጣቱን በጭፈራ ውድድር ባሸነፈው ገንዘብ ይከፍል ነበር ይባላል። (እናቴ ይህን ሲሰሙ «እስክስታ የሚችል ልጅ ነው በሉኛ!» አሉ።) በ1977 ወደ ዌስት ብሮሚች አልቢዮን ሄደ፤ በ1979 ደግሞ ሪያል ማድሪድ የገዛው የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ተጫዋች ሆነ። ያ ዘመን ለጥቁር ተጫዋቾች ክፉ ነበር። ኳስ በነኩ ቁጥር የዝንጀሮ ድምፅ ይሰማባቸው፣ ሙዝ ይወረወርባቸው ነበር። ሎሪ በ1989 በማድሪድ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 33 ዓመቱ ነበር። ይህ ሐውልት በ2017 ቆመለት።

ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝ። ለምን ዝም እንዳለ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት በከተማችን በልጆች ጨዋታ ላይ ከተመልካቹ መካከል አንድ ትልቅ ሰው፣ የሌላ ልጅ አባት፣ «ኩሺ» ብሎ ጮኾበት ነበር። ልጄ ጨዋታውን ጨርሶ ወጣ፤ መኪና ውስጥ ግን አለቀሰ። ሦስት ሳምንት ልምምድ አልሄደም። እኔም ለአሰልጣኙ ተናግሬ «ችላ በለው» ከማለት በቀር ምንም አላደረግሁም። ሐውልቱ ሥር ተቀምጦ «አባ፣ እሱስ ምን አደረገ? ሲሰድቡት?» አለኝ። «ተጫወተ» አልኩት። «ብቻ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። «ብቻውን ሊያደርገው የሚችለው እሱን ነበር። ሌላው የትልልቆቹ ሥራ ነበር፤ ትልልቆቹ ዘገዩ። እኔም ዘግይቼብሃለሁ» አልኩት።

በእንግሊዝ «ኪክ ኢት አውት» የሚባል ዘረኝነትን ከኳስ ለማስወጣት የሚሠራ ድርጅት በ1993 ተመሥርቷል፤ በስታዲየሞችም ስድብ የሰማ ሰው ለአስተናባሪዎች ወይም በስልክ መልእክት የሚያመለክትበት መንገድ አለ። ይህ ማለት ችግሩ አልቋል ማለት አይደለም። በጁላይ 2021 እንግሊዝ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በቅጣት ምት ስትሸነፍ፣ ከሳቱት አንዱ የልጄ ጀግና ቡካዮ ሳካ ነበር፤ እሱና ሌሎቹ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች በኢንተርኔት የደረሰባቸውን ስድብ ዓለም አይቷል። ሳካ ግን እስካሁን ይጫወታል፤ ለእንግሊዝም ቅጣት ምት ይመታል። የእኛው ልጅ ኤሊ ዳሳም በናታኒያ ተወልዶ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቅቷል፤ ከእሱ በፊት ኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ደጎ ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫውቷል። ልጆቻችን እነዚህን ስሞች ከእኛ አፍ ይስሙ።

እልልታ በብሪዝበን ሮድ

ስታዲየሙ ትንሽ ነው፤ 9,000 ሰው ገደማ ይይዛል። በአራቱም ማዕዘን መኖሪያ ሕንፃ ተሠርቶበታል፤ ሰዎች በረንዳቸው ላይ ሆነው ጨዋታውን ያያሉ። ሴት ልጄ «እዚህ እንግባ፣ እዚህ እንኑር!» ብላ ፈረደች። ሜዳው በጣም ቅርብ ስለሆነ ተጫዋቾች ሲጣሩ ይሰማል፤ ኳሷ ስትመታ ደረታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ይህን ቴሌቪዥን አይሰጥም።

ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን በደግነት ጠየቁኝ። እኔ አንድ አፍታ አመነታሁና «ከኢትዮጵያ» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በዚህ ዘመን ውጭ አገር የሄደ ሁሉ ለምን እንዳመነታሁ ይገባዋል። ልጄ በዕብራይስጥ ቀስ ብሎ «አባ፣ ለምን ከእስራኤል ነን አላልክም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ዞር ብሎ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው «የምንኖረው እስራኤል ነው» አላቸው። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «የማን ደጋፊ ነህ?» አሉት። «የአርሰናል» አለ። ፊታቸውን አኮማትረው «እሱ ነው እንግዲህ ትልቁ ችግር!» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። ሁልጊዜ እንዲህ በሳቅ ያልቃል አልላችሁም። እኔ ወላጅ ነኝ፣ መጠንቀቅ ግዴታዬ ነው። ግን ያን ማታ ልጄ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

እንግዳው ቡድን ቀድሞ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኦሪየንቶች አቻ አደረጉ። ሕዝቡ ሁሉ ብድግ አለ። እናቴ፣ የኳስ ሕግ አንዱንም የማያውቁት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና እልልታቸውን አቀለጡት። ሦስት አራት ረድፍ ሰው ዞሮ አየን። ከዚያ አጨበጨቡላቸው። ልጄ በሀፍረት ፊቱን ሸፈነ፤ በጣቶቹ መካከል ግን ሲስቅ አየሁት።

ሲመለስ ባቡር ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር። ከመተኛቱ በፊት የተናገረው ይህ ነው፦ «አባ፣ አርሰናልን አሁንም ማየት እፈልጋለሁ። ግን ሳቭታም ትምጣ።»

ከመሄዳችሁ በፊት

እንግዲህ ከእኛ ስህተትና ከእኛ ደስታ የተማርነውን በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ።

የመግቢያ ፈቃድ፦ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በእስራኤል ፓስፖርት ወደ ብሪታንያ ለጉብኝት የሚሄድ ሁሉ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ኢቲኤ የሚባል የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። በብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ብቻ አውጡ፤ በመካከል ገብተው እጥፍ የሚያስከፍሉ አሉ። በፓስፖርት ሳይሆን በቴኡዳት ማአቫር የሚጓዝ አዲስ ዖሌ ዘመድ ካላችሁ ቪዛ ሊያስፈልገው ስለሚችል በጊዜ ጠይቁ።

ትኬት፦ ከክለቡ ወይም ክለቡ ከፈቀደለት ሻጭ ብቻ ግዙ። በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ የኳስ ትኬት መልሶ መሸጥ ከ1994 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። በትልልቆቹ ክለቦች አባልነት ከፍሎ መመዝገብ ማለት ትኬት የመጠየቅ መብት ማግኘት እንጂ ትኬት ማግኘት ማለት አይደለም። ትኬቱ ብዙ ጊዜ በስልክ ስለሚመጣ ስልካችሁን ሞልታችሁ ሂዱ።

ሰንበት፦ እሑድ በ14:00 ወይም በ16:30፣ ሰኞ ማታና በሳምንቱ አጋማሽ የሚደረጉትን ፈልጉ። በሐኑካ ጊዜ በለንደን ሰንበት በ17:00 አካባቢ ስለሚወጣ ቅዳሜ በ20:00 የሚጀመር ጨዋታ ካለ ከሐቭዳላ በኋላ ሊደረስበት ይችላል። በኦገስት ግን አይሞከርም። የለንደን ሰዓት ከእኛ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑን አትርሱ።

መቀመጫ፦ የባለሜዳውና የእንግዳው ደጋፊ ለየብቻ ይቀመጣል። በባለሜዳው በኩል የእንግዳውን ቡድን ማሊያ ለብሶ መግባት አይፈቀድም፤ ሊያስወጣችሁም ይችላል። ብዙ ክለቦች የቤተሰብ መቀመጫ የሚሉት አላቸው፤ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። በእንግሊዝ ትልልቅ ሊጎች ሜዳው በሚታይበት መቀመጫ ላይ መጠጥ መጠጣት ከ1985 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ከልጅ ጋር መቀመጥ ከምታስቡት ይልቅ ይቀላል።

ምግብና ቦርሳ፦ የሚሸጠው ምግብ በአብዛኛው ካሼር አይደለም። ከመግባታችሁ በፊት ብሉ። ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም፤ የክለቡን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። ለትንንሽ ልጆች የጆሮ መከላከያ ያዙ፤ ጩኸቱ ከባድ ነው።

ጥንቃቄ፦ ከመጓዛችሁ በፊት የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ተመልከቱ። የእስራኤል ክለብ ውጭ አገር የሚጫወትበትን ጨዋታ ከልጆች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አትምረጡ፤ በኖቬምበር 2024 በአምስተርዳም የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ተራ የሊግ ጨዋታ ይሻላል። ኪጳ የሚያደርግ ሰው ከላይ ኮፍያ ቢደርብ ማንም አይጠይቀውም።

በመጨረሻም ውድ ወላጆች፣ ልጁ የሚፈልገውን ትልቁን ስም ብቻ አትከተሉ። ትንሹ ስታዲየም ዋጋው ይቀንሳል፣ ሜዳው ይቀርባል፣ አያትም ይመጣሉ። ልጄ ከለንደን ስንመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ልምምድ ሄደ። እኔም አብሬው ሄጄ አሰልጣኙን አነጋገርኩ፤ በዚህ ዓመት ተመልካች ልጅን ቢሰድብ ጨዋታው እንዲቆም በጽሑፍ ጠየቅሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ሰላም ሂዱ፣ በሰላም ተመለሱ። መልካም ጉዞ፣ መልካም ጨዋታ!